ለእንግዳ የተለቀቀ መስመር

በሥራ ዘመኔ ብዙ ወረቀት ፈርሜአለሁ፤ አብዛኛውን አላስታውሰውም። አንዱን ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «በተደረገው ንጽጽር አዲሱ አሠራር በፍጥነት ከነባሮቹ ኮምፒውተሮች በልጦ ተገኝቷል» ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም፣ የእኔ ፊርማ፣ የመሥሪያ ቤታችን ማኅተም አለ። የተጻፈው ሁሉ ያየነው ነው፤ አንድም የተፈጠረ ነገር የለበትም። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው።

መካነ ሰላም፣ ወረዳ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይባል እንጂ ሥራዬ ፕሪንተር ውስጥ የተሰነቀረ ወረቀት መጎተት፣ ቫይረስ ማጥፋትና «ይቺ ነገር እንቢ አለችኝ» በተባልኩ ቁጥር ከክፍል ክፍል መሮጥ ነበር። ጊዜው ግንባሩ በሥልጣን ላይ የቆየባቸው የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው፤ በአንድ ለአምስት የምንደራጅበት፣ በየሳምንቱ የምንገማገምበት፣ ስለ ማንኛውም አዲስ ነገር «ግን» ያለ ሰው የለውጥ አደናቃፊ የሚባልበት ጊዜ። እኔ ደግሞ «ግን» ማለት ይቀናኛል። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሣው፤ እናቴ ይቺ ልጅ ባሏን ሳታገባ ትፈታለች ትለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሲፒዩ የሌለው ኮምፒውተር መጣልን። ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ እና የሽሮ ቆርቆሮ የምታህል ጥቁር ሣጥን። ሣጥኗ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ራሱ ያለው ሩቅ ከተማ፣ አንድ የዳታ ማዕከል ውስጥ ነው። እዚህ ፊደል ስንጫን መስመሩን ይዞ ይሄዳል፣ እዚያ ይጻፋል፣ የተጻፈው ተመልሶ ስክሪናችን ላይ ይታያል። ያመጡልን ሰዎች ቨርችዋል ዴስክቶፕ አሉት። እኛ «ትንሿ» አልናት።

የጽሕፈት ክፍሉን የያዙት ሴትዮ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ከታይፕ ጀምሮ በዚያ ወንበር ላይ ያረጁ ናቸው። ትንሿ ጠረጴዛቸው ላይ በተቀመጠች ቀን አገላብጠው አይዋትና «እና ፋይሌ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ። ሩቅ ከተማ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ወደ አሮጌው ኮምፒውተራቸው ተመለሱ። አሮጌው ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ግን ሲያመሹ ራሳቸው የሠሩትን ዳንቴል ያለብሱት ነበር። የወረዳው ሕዝብ የቤተሰብ መዝገብ፣ እሳቸው ለዓመታት የለቀሙት፣ እሱ ውስጥ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከክልል ደብዳቤ መጣ። አንዷን ትንሿንና አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተንባቸው፣ የትኛው እንደሚፈጥን እንድናሳይ። ከዚያው አንድ ባለሙያ መጥቶ ያያል፣ እኔ እፈርማለሁ። ትንሿ ከበለጠች መዝገቡ ሁሉ ወደ ዳታ ማዕከሉ ይዛወርና አሮጌዎቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ።

እኔ አስቀድሜ ሞክሬአት ነበር። ጠዋት ሰው ሳይገባ መልካም ናት። ረፋድ ላይ ግብርናውም፣ ፋይናንሱም፣ ትምህርቱም ከፍቶ ሁሉም በዚያች አንዲት መስመር ሲጋፋ ግን የጻፍሽው ፊደል የሚመጣው ምን እንደጻፍሽ ከረሳሽ በኋላ ነው። ይህን ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። የኩታበር ሰው ናቸው፤ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። «እሱን እኛ እናስተካክለዋለን፤ አንቺ ብቻ ሰውዬውን በደንብ ተቀበዪልኝ» አሉኝ።

ያስተካከሉት እንዲህ ነው። በዋዜማው ለየክፍሉ ሁሉ መልእክት ላኩ፦ ነገ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉም ትንሿን ይዝጋ። «እንግዳ ጠርተን እየተጋፋን አንጠብቀውም።» በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ልጆች ጎረቤት ይላካሉ፣ መደቡ ይለቀቃል፣ የቤቱ ሰው ደጅ ይወጣል፤ እንግዳው ቤቱ ሰፊ መስሎት ይተኛል። ይህን ማታለል የሚለው ሰው የለም፤ ክብር ነው። መስመሩንም እንደ መደብ ለቀቅንለት። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን አንድም ሰው ውጤት ያጭበረበረ አልመሰለውም። ከእኔ በቀር። እኔ አውቄ ነበር።

እንግዳው ወጣት ነበር፤ አነጋገሩ የአዲስ አበባ፣ ጫማው የእኛን ጭቃ ያላየ። ስልኩ ላይ የሩጫ ሰዓት አውጥቶ ተቀመጠ። አሮጌውን የወከለው የእትዬ ኮምፒውተር ነው። የዓመታት ፋይልና የዓመታት አቧራ ተሸክሞ እስኪነሣ ድረስ መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ አቀስታ ላይ ብርዱ እንዴት እንዳንቀጠቀጠው አውርተን ጨረስን። ትንሿ ግን እንደተነካች ከፈተች። እንግዳው ደብዳቤ አስጻፈን፣ ፋይል ፈልጉ አለን፣ አሳተመን። በሁሉም በለጠች።

«እንደዚህ የተዘጋጀ ወረዳ አላጋጠመኝም» አለ እንግዳው።

አፌን ከፈትኩ። ኃላፊው እጃቸውን አጣምረው ደስ ብሏቸው ቆመዋል፤ ልጁን የዳረ አባት ነው የሚመስሉት። ባለፈው ሳምንት ግምገማ ላይ «የአመለካከት ችግር አለባት» ተብዬ ነበር፤ እሱም ትዝ አለኝ። ከእሱ ይልቅ ግን ያሸነፈኝ ይሉኝታ ነው። በሰው ፊት፣ በእንግዳ ፊት፣ እሳቸውን ማዋረድ አቃተኝ። ከእናቴ ቤት ጀምሮ አፌን መዝጋት ያልቻልኩት ሴት በዚያች አንድ ቀን ዘጋሁትና ፈረምኩ።

እትዬ በሩ ላይ ጠበቁኝ። «ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።»

«እኔን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም እኮ» ብለው ዳንቴላቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥተው አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። መዝገቡ ተዛወረ። በሳምንቱ አሮጌዎቹ ፒክአፕ ላይ ተጫኑ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ሻርፓቸው እስከ ጫፉ አቧራ ለብሷል። ልጃቸው አረብ አገር ናት። የአሠሪዎቿን መስኮት ስታጸዳ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል። ሆስፒታሉ በጀሶ አስሮ ካወጣት በኋላ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች የሚቆዩበት ግቢ አስገብተዋታል፤ ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ እጅ ቀርቷል። አርብ የሚዘጋ የስም ዝርዝር አለ። እሱ ውስጥ የገባ በሚቀጥለው አውሮፕላን ወደ አገሩ ይላካል፤ ያልገባ መቼ እንደሚላክ የሚያውቅ የለም። ለመግባት ከትውልድ ወረዳዋ የቤተሰብ ማረጋገጫ፣ ማኅተም ያረፈበት ዋናው ወረቀት፣ አዲስ አበባ መድረስ አለበት።

«ወንድሜ ይዞት ሊሄድ ተዘጋጅቷል» አሉኝ። «ረቡዕ ጠዋት ተነሥቶ ደሴ ያድራል፣ ሐሙስ አዲሳባ ይገባል፣ አርብ በጠዋት ይሰጥልኛል። ብቻ እናንተ ለነገ አድርሱልኝ የኔ ልጅ። እግሯ ያብጣል አለችኝ። እዚያ የሚያያት የለም፤ ወላሂ የሚያያት የለም።»

ለእኛ እንዲህ ያለው ወረቀት ሥራ አይባልም ነበር። አረብ አገር ልጅ የሌለው ቤት ስለሌለ በሳምንት ስንቱን እንጽፋለን። እትዬ በአሮጌው ላይ መዝገቡን ከፍተው ባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተደላድሎ ሳይቀመጥ ያትሙት ነበር። አሁን ግን የልጅቱ ስም፣ የአባቷ፣ የእናቷ፣ የመዝገብ ቁጥሯ፣ ሁሉም ያለው ሩቅ ከተማ ነው።

ሰኞ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሳምንት መጀመሪያ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ ትንሿን ከፍቶ ተቀምጧል። እትዬ የአባትየውን ስም ጻፉ። ስክሪኑ ባዶ ነው። አልጻፍኩም ብለው ደገሙት። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ተከታትለው መጡ። አንዱን ሲያጠፉ ሁለቱም ጠፉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ቅጹን ሞልተው ማተሚያው ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ተቋረጠ፣ ሲከፈት ከሀ ጀምሩ አለን። እናትየው አግዳሚው ላይ ሆነው የእትዬን ጣቶች ነበር የሚያዩት።

«አብሽሩ እናቴ፣ ይደርሳል» አልኳቸው።

«እናንተ እያላችሁ ምን አስቤ። አላህ ያግራላችሁ።»

ማታ ዘመድ ቤት አድረው ማክሰኞ በሩ ሳይከፈት ቀድመውን ቆመው ነበር። የሚያሳዝነው እኛ ነን ዘግይተን የገባነው፤ የጠዋት ስብሰባ ነበረብን። ስብሰባው ሲያልቅ ረፍዷል፣ መስመሩም ሞልቷል። ያው የትናንቱ ተደገመ። እትዬ ሲናደዱ አይሳደቡም። እንደገና ከሀ ጀመሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ ቀለል ይላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ግን በሪፖርት ሳምንት ምሳ የሚወጣ፣ ማታስ ሳያመሽ የሚሄድ ማን አለ? ኪቦርድ ላይ እንጀራቸውን ጠቅልለው ነው የሚበሉት።

ከሰዓት በኋላ ድንገት ገባኝ። መድኃኒቱን እኮ እናውቀዋለን። ለእንግዳው የለቀቅነውን መስመር ለእኚህ እናት ለግማሽ ሰዓት ብንለቅላቸው ይበቃል። ከክፍል ክፍል ሮጥኩ። ግብርና ያለው ሰውዬ ነገሩን ሳልጨርስለት ዘጋ፤ የእሱም እህት እዚያው ናት። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሁለቱ ዘጉ፣ ሁለቱ «እሺ አሁን» አሉኝና ሳይዘጉ ቀሩ። ፋይናንስ ስገባ አንዷ ቀና እንኳ ሳትል «ማን መጣ? ከክልል ነው?» አለችኝ። ከክልል አይደለም፣ ከገጠር ነው አልኳት። ሳቀች። ክፉ ሆና አይደለም፤ የቀለድኩ መስሏት ነው።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። አዳመጡኝ፤ ሁልጊዜ ያዳምጣሉ። «ሪፖርቱ ዛሬ ካልገባ ወረዳው በሙሉ ይጠየቃል። ለአንድ ወረቀት ብዬ ሁሉን ላስቁም? ነገ ማልደሽ ሥሪላቸው።»

«ነገ ሰውየው መኪና አመለጠው ማለት ነው። ለእንግዳው አስቁመን አልነበረም ወይ?»

«እሱማ እንግዳ ነው» አሉኝ። የምራቸውን ነው። ነገሩ ሁለት ዓይነት እንደሆነ፣ ይህን የማይረዳ ሰው ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም።

«የሹም ዶሮ ናት እሽ አትበሏት ማለት ይኼ ነው» ብዬ በሩን በላያቸው ላይ ወረወርኩት። ኮሪደሩ ላይ ስወጣ ግን የተናደድኩት በእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ይታወቀኝ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የንጽጽሩ ውጤት ተለጥፏል፤ የእኔ ፊርማ ከታች። አሮጌው ዛሬ እዚህ ቢኖር እኚህ ሴትዮ ሰኞ ረፋድ ላይ ወረቀታቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር።

ወረቀቱ ረቡዕ ጠዋት ወጣ። ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ ትንሿን ከፈትኳት፤ ሰው አልነበረም፤ ቅጹ ተሞልቶ እስኪታተም አንድ ሻይ አያስጠጣም። ልክ በንጽጽሩ ቀን እንዳየነው። የደሴው አውቶብስ ግን ጎሕ ሲቀድ ሄዷል። ወንድምየው አንድ አይሱዙ ለምኖ ተሳፈረ፤ አይሱዙው አቀስታ ጭነቱን አራግፎ ቀረ፤ እዚያ አደረ። ሐሙስ ደሴ ደረሰ፣ አርብ አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ። ሰኞ ሲሄድ ዝርዝሩ ተዘግቷል አሉት። ይህን የነገሩኝ እናትየው ራሳቸው ናቸው፤ ከቀበሌያቸው ተመልሰው መጥተው። ሊወቅሱኝ አይደለም የመጡት። ለሚቀጥለው ዝርዝር ሌላ ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ ሊጠይቁኝ ነው። አያስፈልግም፣ ያው ያገለግላል አልኳቸው። «ከሁሉም አንቺ ነሽ የተሯሯጥሽልኝ፤ አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ» ብለው ትከሻዬን ስመው ሄዱ። ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ንጽጽሩን ለብቻዬ ደገምኩት። ማንንም ዝጉ አላልኩም። ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ በእጅ ሰዓቴ፣ ትንሿን ከራሴ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር ሞከርኳት፤ ያቺ የተሰነጣጠቀች ላፕቶፕ ጥላት ሄደች። በሰዓቱ ለይቼ ጻፍኩት። ጠዋት ይህን ያህል፣ ረፋድ ይህን ያህል፣ በሪፖርት ሳምንት ጭራሽ አይሠራም። ለአረብ አገር ወረቀት ብቻ እንኳ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከነመዝገቡ ግልባጭ ይመለስልን ብዬ ለክልል ላክሁት። መልስ መጣ፤ ሁለት መስመር ናት። ጉዳዩ ቀደም ሲል በባለሙያ ተፈትሾ የተረጋገጠ በመሆኑ እንደገና ማየት አያስፈልግም ትላለች። የባለሙያዋን ስም ጠቅሰዋል። እኔ ነኝ።

ከአራት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ እናትየው ከልጃቸው ጋር መጡ። መታወቂያ ልታወጣ ነው። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አረብኛ የተጻፈበት ላስቲክ ቦርሳ ይዛለች፣ በክራንች ነው የምትሄደው። እግሯ ጀሶው ውስጥ እንደተጣመመ ገጥሟል። ደሴ ያያት ሐኪም ቶሎ ቢደረስበት ይቃና ነበር ብሏታል፤ ይህን የነገረችኝ ሳልጠይቃት ነው።

«ይቺ ናት የተሯሯጠችልሽ» አሏት እናቷ እኔን እያሳዩ።

ልጅቱ አላመሰገነችኝም። ደህና አድርጋ አየችኝና «ወረቀቱ ለምን ዘገየ?» አለችኝ።

ሌሎች ሰዎች የጠየቁኝ «ምን ሆነ» ብለው ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልሱ አፌ ላይ ነበር። እንግዳ መጥቶ መስመር ለቀቅንለት፣ እኔ አውቄ ፈረምኩ፣ ያንቺ መዝገብ የነበረበትን ኮምፒውተር አስወሰድኩት። እትዬ መጻፋቸውን አቁመው ያዩኛል። እናትየው በሙሉ ፊታቸው ይስቁልኛል።

«ኔትወርክ አልነበረም» አልኳት።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። «እኔ እኮ» አለች ልጅቱ፣ ለእኔ ሳይሆን መሬት መሬት እያየች፣ «ወረቀትሽ አልመጣም ባሉኝ ቁጥር እናቴ ችላ ብላኝ ነው የመሰለኝ። አራት ወር ሙሉ እሷን ነበር የምረግመው።»

«አፉ ብዬሻለሁ አልኩሽ፤ ስንቴ ልበልሽ!» አሉ እናቷ። «ሰማሽ አይደል፣ ኔትወርክ ነው።»

ልጅቱ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። በአንድ እግሯ ቆማ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጉልበት ልትስም ስትል ሚዛኗ ተዛባ፤ እናትየው በሁለት እጃቸው ደገፏት። «ይቅር በይኝ እማ» አለቻት፣ እዚያው የእኔ ጠረጴዛ ፊት። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ፎቶዋን ተቀበልኩና ስሟን ከነአያቷ ጠየቅኳት።